የመጨረሻው ወንበር

«እህቴ፣ ገጹ ቀላል ነው። ያልገባው የናንተ አገር ሰው ነው።»

ገጹን የሠራው ልጅ ፊት ለፊት ነው ያለኝ። ጎንደር ድረስ የጠሩኝ እሱና ባልደረቦቹ የሠሩትን አዲስ የኢንተርኔት ክፍያ ገጽ ሞክሬ ያስቸገረኝን እንድነግራቸው ነበር። እኔም የመተማውን ኅዳር አነሣሁበት።

አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩ ዓመት መተማ ዮሐንስ አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ ተቀጠርኩ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፤ የሰሊጥ መኪኖቹ አቧራ ጠረጴዛዬ ላይ ይተኛል፤ ከጎረቤት ፉል ቤት የዘይት ሽታ ይመጣል። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ትኬት የምንቆርጥበትን የኢንተርኔት ገጽ ነው። አለቆቻችን በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ከልክለዋል። ስም እስከ አያት ይሞላል፣ ወንበር ይመረጣል፣ ከዚያ ከፋዩ ስልክ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። ቁጥሩ በአንድ ደቂቃ ካልገባ ገጹ ሁሉንም ይሰርዘዋል። ድንበር ላይ ደግሞ ስልኩ የሱዳንን ኔትወርክ ይዞ ቁጭ ይላል፤ መልእክቱ የሚገባው የኛው ኔትወርክ ደስ ሲለው ነው።

አጨዳው ሲያልቅ ጋሽ ይመር መጡ፤ ከወሎ የወረዱ የሰሊጥ አጫጅ ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በማግስቱ ካልተሳፈሩ ሰርጉ ያልፋቸዋል፤ የቀረውም አንድ ወንበር ብቻ ነው።

ሞላሁ። እሳቸው አስፋልቱ ላይ ወጥተው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጉት።

«መጣ! እናትዬ፣ መጣ!» እያሉ ሮጠው ገቡ።

«ሰርዞታል፣ ጋሼ።»

«እኔ ምን አርጌው?»

እንደገና ሞላሁ። እንደገና ወጡ። የባጃጅ ሾፌሮቹ «ከፍ አርጉት፣ አባባ! ትንሽ ቀረዎት!» እያሉ ይስቁባቸዋል። እንደገና ሰረዘው።

«ወላሂ፣ ይሄን ማሽን ምን አስቸኮለው? ሙሽራዋ የኔ ልጅ፣ የሚቸኩለው እሱ!»

ሦስተኛውን ልሞላ ስል ወንበሩ የለም። እኛ ስንሮጥ ሌላ ሰው ከሌላ ከተማ ገዝቶታል።

ጋሽ ይመር የሰሊጥ ጭነት ላይ ወጥተው ሄዱ። ሙሽራዋ ከወጣች በኋላ እንደደረሱ አብሯቸው ያጭድ የነበረ ሰው ነገረኝ።

ይህን ሁሉ ለጎንደሩ ልጅ ነገርኩት። «ጊዜውን አርዝሙት። ቢያልፍ እንኳ የተሞላውን አታጥፉ፤ ወንበሩንም ትንሽ ያዙለት» አልኩት።

ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣ «እሱ የኔትወርክ ችግር ነው፤ እኛን አይመለከትም» አለ። «ይልቅ 'ክፈል' የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ ይሻላል ወይስ ሰማያዊ?»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።