ከእርድ የወጣ ቢጫ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ለልጆች ልደት ኬክ የምጋግር የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ። ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሳለሁ ከቴፒ እርድ የምግብ ቀለም ስለማውጣት ጥናት ጽፌ ነበር። አለቃዬ ስሜን ሰርዞ የራሱን አስገባበትና ተሾመበት። አቤት ብል ራቅ ወዳለችው ጌጫ አዛወረኝ፤ ሥራውን ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ቢጫ ኬክ አዘዘችኝ። ልደቷ የሚከበረው ልጇን እንቁላልና ወተት አይስማማትም፤ የሱቅ ቀለም ከበላች ደግሞ ፊቷ ያብጣል። ኬኩን በባጃጅ ይዤ ሳሎናቸው ስገባ፣ የወረቀት ዘውድ የደፋችውን ልጅ አቅፎ የተቀመጠው ያ አለቃዬ ነው። አላወቀኝም።

"መጀመሪያ በባለቤቴ የእርድ ጥናት ሞክሬ ነበር" አለች ሚስቱ። "ኬኩ እንደ ሸክላ ቀልቶ ወጣ። ልጅቷ አለቀሰች።"

"ጥናቱ ለሹመት እንጂ ለኬክ አይሆንማ" አለ አንዱ እንግዳ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። እንቁላል የሌለውን ኬክ የሚነፋው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ እርድ ደግሞ ሶዳ ሲነካው ይቀላል። ጥናቱን የወሰደብኝ ይህን የሚያስጠነቅቀውን የመጨረሻ ገጽ ሳላስረክበው ነበር። ገጹ ዛሬም ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ልጅቷ ሁለት ቁራሽ በላች፤ ፊቷ ምንም አልሆነም። አባቷ ደስ ብሎት ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝ።

"ወንድሜ፣ ቢጫነቱን እንዳይለቅ ምን እንዳደረግህበት እስቲ ጻፍልኝ።"

ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ወረቀቱን መለስኩለት።