በአስካለ ጥናት ላይ የመጡ ለቀስተኞች

ባለፈው ሳምንት ለእንግሊዝኛ ኮርስ ፈተና ስንዘጋጅ፣ ከጎናችን ካለው መኝታ ክፍል የመጣች አንዲት ልጅ ኮሪደሩ ላይ እየተመላለሰች የዘይቤ ዓይነቶችን ጮክ ብላ ስታጠና ሰማኋት። «ሲሚሊ፣ ሜታፈር፣ ፐርሶኒፊኬሽን» እያለች ሄዳ «አፖስትሮፊ» ላይ ስትደርስ ድምጿን እንደ ዜማ ሳብ አደረገችው፤ እኔም ማጅራቴን ቀዘቀዘኝ። ጓደኞቼ ብርድ የመታኝ መስሏቸው መስኮቱን ዘጉልኝ። እኔ ግን የሰማሁት እህቴን አስካለን ነበር፤ መንዝ ውስጥ፣ ከቤታችን የድንጋይ ካብ አጠገብ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ስትጣራ።

ወንድማችን ተሾመ የዘመተው በክረምት ነው። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ፣ እሱ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ እናቴ፣ አስካለና እኔ ብቻ ቀረን። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ስለነበር ወሬው ከእኛ ዘንድ የሚደርሰው ተሰባብሮ ነው፤ አንዱ አየሁት ይላል፣ ሌላው ስሙን በሬዲዮ ሰማሁ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። እናቴ ማታ ማታ የሱን ባና፣ ከበጎቻችን ፀጉር ያሠራችለትን ብርድ ልብስ፣ መደቡ ላይ ታነጥፍና ጠዋት ተነሥታ ትጠቀልለው ነበር። እኔም አንዳንዴ ከመጠቅለሏ በፊት እጄን ሰድጄ እዳብሰውና ሞቅ ያለ እየመሰለኝ እሸሽ ነበር።

በአካባቢያችን የዘመተ ሰው ስም ከቤት ውጭ ጮክ ተብሎ አይጠራም ነበር፤ በተለይ በንጋት። መርዶ የሚነገረው በንጋት ነውና፣ በዚያ ሰዓት የወታደር ስም እየተጠራ የሚጮህ ድምፅ የሰማ ሁሉ ምንም ሳይጠይቅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል።

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው አስካለ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄደች፤ እዚያ ቤት ተከራይታ እየተማረች በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለመውሰድ ትመጣ ነበር። የማትሪክ ተፈታኝ ስለነበረች ገብሱን ስታጭድም፣ ውኃ ስትቀዳም፣ የእንግሊዝኛውን ሰዋስውና ዘይቤ እያነበነበች ነበር የምትሠራው፤ የሚያዳምጣት ስትፈልግም እኔን ድንጋይ ላይ ታስቀምጠኛለች።

«ነፋሱ አለቀሰ። ይሄ ፐርሶኒፊኬሽን ይባላል» አለችኝ አንድ ቀን።

«ነፋስ እውነት ያለቅሳል?»

«ለፈተና ያለቅሳል።»

«ከፈተና በኋላስ?»

«ከፈተና በኋላ የራሱ ጉዳይ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ያን ቀን ማታ በጣሪያው ክዳን ውስጥ የሚያፏጨውን ነፋስ ሳዳምጥ፣ ማን ሞቶበት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በጋው አልፎ መጋቢት ላይ የበልጉ ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ አጥራችንን መዋጥ ጀመረ። ጉሙ ሲመጣ በጎቹ ሳል የያዘው ሰው እየመሰሉ ያስላሉ፣ አጠገባችን ያለው ቤት ይጠፋል፣ የሩቁ ድምፅ ግን ጆሮ ሥር ይመጣል። በዚያ ሰሞን የአስካለ የእንግሊዝኛ መምህር ተማሪዎቻቸውን ስለ አፖስትሮፊ አስተማሯቸው፤ የሌለን ወይም የሞተን ሰው ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማናገር ነው ብለው፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ምሳሌ ሠርቶ ክፍል ፊት በድምፅ እንዲያቀርብ አዘዙ። አስካለም እሑድ በንጋት፣ የቤቱ ጭስ ዓይኗን ስለሚያቃጥላት ወደ ካቡ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ።

«ኦ ተሾመ! ዌር አር ዩ? ካም ሆም፣ ማይ ብራዘር!»

«ወዴት ነህ? ወደ ቤት ና፣ ወንድሜ» ማለቷ ነው። መጀመሪያ በቀስታ አለችው። ከዚያ መምህሯ ስሜት ይኑረው ስላሉ ድምፁን እያስረዘመች ደጋገመችው። ጉሙ ውስጥ ያለው ገደል ጥሪዋን ተቀብሎ፣ ዘግይቶ፣ አወፍሮ መለሰልን፤ ሲመለስ የሴት ድምፅ አይመስልም ነበር።

ወዲያው ከጉሙ ውስጥ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ፊታቸው ሳይታይ በመጀመሪያ የተዘቀዘቀው ነጠላቸው ነበር የታየኝ። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ራሳቸውን ይዘው ገቡ፤ እትዬ ሙሉ ደግሞ ደረቷን እየመታች፣ «ወይኔ ተሾመ! ወይኔ የኔ ሸጋ!» እያለች ገባች።

እናቴ በሩን ከፍታ ወጣች። አላለቀሰችም። «ማን አረዳችሁ?» አለች።

«ልጅሽ ስትጣራ ሰምተን ነው እንጂ፣ በላይነሽ» አሉ አያ ደምሴ።

«ለፈተና ነው!» አለች አስካለ። «እንግሊዝኛ ነው!»

«ተሾመ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግሊዝኛ የሆነው? ስሙን ነው የሰማነው!» አለቻት እትዬ ሙሉ።

እናቴ እጇን አንሥታ ሁሉንም ዝም አሰኘችና ወደ አስካለ ዞረች። «እስቲ ያልሽውን ድገሚው።»

«ሰው ፊት፣ እማዬ?»

«በይው አልኩሽ።»

አስካለ ደገመችው። ሴቶቹ ከስሙ በቀር አንድም ቃል ሳይገባቸው ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ። እናቴ እስኪያልቅ አዳምጣ፣ «ይሄ የሚባለው ለሞተ ነው ለሄደ?» አለች።

«ለሁለቱም ነው።»

«አንቺ ለየቱ ብለሽ ነው ያልሽው?»

አስካለ ፊቷን ወደ ገደሉ መለሰች። ያን ጊዜ ሁላችንም መልሱን ከእሷ አፍ የምንጠብቀው፣ የምታውቀው ነገር እንዳለ ያህል ነበር። በመጨረሻ፣ «ለሄደ» አለች።

«ሰማችሁ?» አለች እናቴ ወደ ሰዉ ዞራ። «በሉ ነጠላችሁን አስተካክሉ።»

አንድ በአንድ ነጠላቸውን እየገለበጡ፣ ቀና ብለው ሳያዩን ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አስካለን ጥናት አልከለከለቻትም። የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። «ለቅሷቸው ከኔ ጥሪ ቀድሞ ልጄ ዘንድ እንዳይደርስ» አለችና፣ ጥሪውን እንድታስጠናት ጠየቀቻት። በአማርኛ ብጠራው ሙሾ ይሆንብኛል፣ በዚህ ቋንቋ ግን ማንም አልቅሶበት አያውቅም ብላ ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ቃሉን አንድ በአንድ ይዛ፣ በሚያዝያም በግንቦትም ጉም በወረደ ቁጥር ካቡ ላይ ትወጣና፣ ሰው እንዳይሰማት በለሆሳስ፣ ልጇን በማታውቀው ቋንቋ ትጠራው ነበር። እኔ በር ሥር ሆኜ፣ እንዳይመልስላትም፣ ሳይመልስላት እንዳይቀርም እየፈራሁ እሰማት ነበር።

አስካለ ተፈትና ስትመለስ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቀን ሳይነጋ፣ አያ ደምሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው ነበር የለበሱት። እናቴ ሳያንኳኩ ከፈተችላቸውና አየቻቸው፤ ምንም ሳትጠይቅ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው። ከዚያ በኋላ ነው፣ በአማርኛ፣ «ወዴት ነህ ልጄ» ብላ የጮኸችው። አስካለ ጆሮዋን ይዛ መደቡ ሥር ተቀመጠች።

እህቴ ፈተናውን አልፋ አሁን ራቤል ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ስለ ዘይቤ የሚያወሳው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ አንዷን ዘይቤ ለልጆቹ ቤታችሁ አንብቧት ብላ እንደምታልፋት ነግራኛለች። እኔ በኮርሱ ፈተና ላይ የአፖስትሮፊን ትርጉም በትክክል ጻፍኩ፤ መምህሬም ልክ ብለውልኛል።

ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ ጉሙ ዛሬም እንደ ድሮው ይመጣል። ያኔ በልጅነቴ ከቤት ወጥቼ ውኃ እስክቀዳ ድረስ፣ በጉሙ ውስጥ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አለ ብዬ ልቤ ይመታ ነበር። አሁን እዚያ ውስጥ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ እንስራዬን ይዤም ሳልፈራ እሄዳለሁ።