ከአጥር ውጭ ያለው አፈር

በሰው አገር፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ትሪ አፈር ነበር። አሠሪዬ ማዳም የግጦሽ መሬት የምታጠና ፈረንሳዊት ናት። አንደኛውን አፈር ያመጣችው ለዓመታት ታጥሮ እንስሳ ካልረገጠው ቦታ ነው፤ ሌላውን ከአጥሩ ውጭ፣ የውሃ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ መንጋ ሁሉ ከተረባረበበት። ውሃ ሲያገኙ የትኛው ስንት ሣር ያበቅላል? ጥያቄዋ ይኸው ነበር። ለእረፍት አገሯ ስትሄድ ማጠጣቱን ለእኔ ተወችልኝና "ሌላ ምንም እንዳትነኪ" አለችኝ። እኔን የገበሬ ልጅ፣ አፈር አትንኪ!

የቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ሶማሌ ነው። ወጣትነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። "አዴር" እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ያ ከአጥር ውጭ ያለው አፈር የተዛቀው ከእነሱ ቀዬ ነበር። እህቱ ዛሬም እዚያው ናት፤ የቀሯት ጥቂት ፍየሎች ናቸው።

"አፈሩ ውስጥ ዘር ካለ ዝናቡን ትጠብቅ፤ ከሌለ ፍየሎቹ በእግራቸው መቆም ሳያቅታቸው ሽጣ እኔ ጋ ትምጣ" ይለኝ ነበር። እሱ ከከተማው ዳር፣ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችው።

የታጠረው አፈር በሳምንቱ አረንጓዴ ለበሰ። የእነሱ ግን ጭቃ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው በዚያ ሐሩር በየቀኑ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል።

"ዛሬስ?"

"ገና ነው፣ አዴር።"

አንጀቴን በላኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከታጠረው ሦስት ቡቃያ ነቅዬ እነሱ አፈር ላይ ተከልኩ። ደግ መሆኔ ነበር፣ እጄን ይቁረጠው! ሽማግሌው ሲያይ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካቸው፤ እንባው መጣ። ከእኔ ጋር እዚያው ቆሞ ለእህቱ ስልክ ደወለ። እንዳትሸጪ አላት።

ማዳም ስትመለስ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ቡቃያዎቹን ነቅላ ደብተሯ ላይ ዜሮ ጻፈች። "ለእሱም ንገሪው" አለችኝ። ወረድኩ። በር ላይ ሲያየኝ "እህቴ መርቃሻለች" አለኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ተመለስኩ። ያኔ ብናገር ኖሮ ፍየሎቹ ለመሸጥ ገና ይደርሱ ነበር።

ዝናቡ መጣ። ሁለት ቀን ዘንቦ መሬቱን አጥቦት ሄደ፤ ምንም አልበቀለም። ፍየሎቹ ተራ በተራ አለቁ።

እህቱን ዋራበሌ ካስገባት በኋላ አንድ ቀን እኛ በር ይዟት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። እጄን ይዛ በሶማሊኛ ብዙ ተናገረች፤ እሱ አስተረጎመልኝ።

"ለዚያ አፈር ምን ያህል ውሃ ሰጥተሽው ነው ያበቀለልሽ? ትላለች።"

ማዳም መስኮቱ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ብዙ ነው በላት" አልኩት።

ሰማችና ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ፈካ አለ። "እንግዲያው ዝናቡ አንሶት ነው እንጂ መሬታችን ደህና ነው" አለች። ከርሞ ፍየል ተበድራ እንደምትመለስ ነገረችኝ።