ከመኪናው በኋላ የሚሞላ ጋን

በአል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ግቢ በር ላይ ዚር ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚ የሚጠጣበት የሸክላ ጋን ነው። የምትሞላው የቤቱ ሠራተኛ፣ በዕድሜ የገፋች የወሎ ሴት ናት። ስትሞላ ሁልጊዜ «ለሙኒያ ይድረስ» ትላለች። በዚያ ቤት ሙኒያ የሚባል ሰው የለም፤ ሙኒያ በሕይወት የለችም፣ ውሃው ለነፍሷ የሚሰጥ ሰደቃ ነው።

የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ የመያዝ ልማድ አላት። የአሠሪዋ አሮጌ የናፍጣ መኪና ጠዋት ጠዋት በክፍሏ መስኮት ሥር ሲሞቅ ታስል ነበር። አሁን በቦታው የኤሌክትሪክ መኪና ቆሟል፤ አይጮኽም፣ አያጨስም፣ የነዳጅ ሰልፍ አያውቅም። ሳሉ ለቀቃት፤ ልማዱ ግን አልለቀቃትም። ችግሩ የጣሪያው ሶላር ለመኪናውና ለውሃው ፓምፕ ባንዴ አለመብቃቱ ነው። መኪናው ቻርጅ ሲደረግ ዚሩ ይደርቃል።

ዛሬ በቀትር አንድ ያገሯ ሰው ረክሻ የሚሉትን ባጃጁን አቁሞ የዚሩን ክዳን አነሳ።

«እትዬ፣ ዚራችሁ ጾም ያዘ እንዴ?»

«መኪናው እየጠጣ ነው። ዐስር ሶላት ላይ ተመለስ፣ አብሽር።»

«ወላሂ፣ ከመኪና ኋላ ተሰለፍን በሉኛ!»

ሳቀ እንጂ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ሞተሩን ሲያስነሳ ጠራችውና ለዙህር ሶላት ያስቀመጠችውን የውዱእ መታጠቢያ ውሃ ከማንቆርቆሪያው በጣሳ ቀድታ ሰጠችው። ሲጠጣ ዐይኑን አላየችም።

«መኪናው የመጣ ቀን አልሃምዱሊላህ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

አዛን ሲሰማ፣ ለውዱእ ውሃ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ መዳፎቿን የግቢው ግንብ አቧራ ላይ አሳርፋ ፊቷንና እጆቿን አበሰች። ባዶውን ዚር ከደነችና ልትሰግድ ገባች።