የሐዋ ኩርፊያና የበሩ ብረት

ሐዋ ካኮረፈች አኮረፈች ነው። በበርበሬ ተራ ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ ነው። ለደንበኛ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ይውላል፤ ባሏ ሽኩር ካስቀየማት ግን አንድ ቃል አትተነፍስለትም። ስትፈልገው ለጎረቤት ትናገራለች፣ ጎረቤት ለእሱ ያደርሳል። እሱም ከእሷ የማይተናነስ ግትር ነው፤ ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ ብሎ ያምናል። ልጆቻቸውን ያሳደጉትም ሱቁን ያቀኑትም እንዲህ እየተኳረፉ ነው።

የዚያ ሰሞኑ ኩርፊያ የጠናው ሽኩር በልጃቸው ሠርግ ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ የሐዋ በርበሬ አፈር ይበዛዋል ብሎ ስለቀለደ ነው። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሐዋ አልሳቀችም።

ቢሆንም ሽኩር ከአንዋር መስጊድ ሰግዶ ሲመለስ የሱቁን በር መዝጋቱን አልተወም። በሩን ንፋስ እንዳያላጋው ከባድ ብረት ተደግፎት ይውላል፤ ሐዋ ወገቧን ስለሚያማት ብረቱን የሚያነሳው እሱ ነው። ደርግ የወደቀ ሰሞን ከቆራሌው የገዛችው ራሷ ናት። የበርበሬ ብናኝ ለብሶ ለብሶ ቀልቷል፤ ምን እንደነበረ የጠየቀ የለም።

አንድ ቀን አጠገቧ ሱቅ ተከራይቶ ቁልፍ መሸጥ የጀመረው ዘውገ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየው። በእጁ ግን አልነካውም። ዘውገ በቀድሞው ጦር የጥይት መጋዘን ሠራተኛ ነበር።

“እትዬ ሐዋ፣ ይሄ የሞርታር ጥይት ነው። ተተኩሶ የከሸፈ።”

“ከከሸፈማ ምን ያደርጋል?”

“የከሸፈ ማለት የሞተ ማለት አይደለም። ማንም እንዳይነካው።”

እሷንና ጎረቤቶቿን ወደ ተራው መግቢያ አርቆ፣ ገመድ ወጥሮ፣ ፖሊስ ሊጠራ ሄደ። ሲሄድም ቦምብ የምትለዋን ቃል እንዳይጠሩ አስጠነቀቃቸው፤ መርካቶ ከደነገጠ ሰው ሰውን ይረግጣል አለ። ሐዋ ምሳዋን እዚያ ብረት አጠገብ ስትበላ የኖረችበትን ዘመን አሰበች።

ሽኩር ግን ከመስጊድ ሲመለስ በመግቢያው አልመጣም። በጀርባ ባለው ቀጭን መተላለፊያ ገብቶ፣ የተራው ጭርታ እየገረመው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ። ጎረቤቶች ያችን ቃል ፈርተው እንደ ልማዳቸው መልእክት አደረሱ፤ ሐዋ አትንካው ብላለች ብለው ከገመዱ ማዶ ጮሁለት። በጎረቤት የሚመጣ የሚስቱ ትእዛዝ ያንገሸገሸው ሽኩር ቀና እንኳ አላለም።

“አፍ የላትም? ራሷ ትንገረኝ” አለና ሁለት እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

ሐዋ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

“ሽኩር” አለች። ከሠርጉ ወዲህ አናግራው ስለማታውቅ ባለበት ቀጥ አለ። “ብረቱን ሳታነቃንቅ እጅህን ቀስ ብለህ አንሳ። ወደ እኔ ና።”

እጁን አነሳና መጣ። የብረቱን ነገር ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። እሷም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች፤ ባሏን በአደባባይ ይዛ አታውቅም ነበር።

ፖሊሶች ከዘውገ ጋር ደርሰው ሰዉን ይበልጥ ወደ ኋላ ገፉት። ራቅ ብለው እንደቆሙ ሽኩር ጉሮሮውን ጠረገ።

“ቀድመሽ ተናገርሽ” አላት።

“ከማጣህ ልሸነፍ” አለችው። እጅጌውን ግን አልለቀቀችም።