ወፍራሙ ላሜራ

ዛሬ ሄርዝል ጎዳና ላይ የአንድ ሱቅ በር ሲበየድ ደረስኩና የተቃጠለ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወዲያው ሻዓራይም ሰፈር የነበረው ግቢያችን ትዝ አለኝ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ከውትድርና ገና መመለሱ ነበር። በገዛ እጁ መኪና ይሠራል፤ ሻንሲው፣ የታችኛው አጥንቷ፣ ተበይዶ አልቋል፣ የቀረው ወለሉ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ላሜራ ተደግፏል፤ አንዱ ስስ አሉሚኒየም፣ አንዱ ወፍራም ብረት።

«ስሱ ይሻላል፣ አባባ» አላቸው አያታችንን። «ቀላል ነው፣ መኪናዋ ትበራለች። የምትይዘው እንደሆነ ሁለት ሰው ነው፣ ቤሰደር፣ እሺ?»

አያቴ ወፍራሙን ላሜራ ሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድመው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡበት። እናቴን ጠሩ፤ እኔንም። ወንድሜም እየሳቀ መጣ። ፀሐይ የዋለበት ብረት እግሬን ይለበልበኛል፤ ግን አራታችንም ተቀምጠንበት አልጎበጠም።

«ኧረ ጠጋ በሉ!» አሉ አያቴ፣ ጫፉን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «አክስታችሁ ከጎንደር ስትመጣ የት ልትቀመጥ ነው?»

ወንድሜ ተነሥቶ ወፍራሙን መለካት ጀመረ።

መኪናዋ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። አክስቴም እስካሁን ጎንደር ሆና ወደዚህ የመምጫ ተራዋን ትጠብቃለች። ወለሉ ግን መቀመጫ ሆኖ እናቴ ጓሮ አለ። ልጆቼ ሲቀመጡበት፣ ሳላስበው «ጠጋ በሉ» እላቸዋለሁ።