የጋሼ ታደሰ ጉልበትና የእኔ «ሲጋራ»

ዕድሜዬን ሙሉ ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ነርስ ፊት ቁጭ ብዬ «አጫሽ ነኝ» አልኩ።

ጋሼ ታደሰ እዚህ መስከት ከተማ፣ ሩሰይል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። ያለቀው ጉልበታቸው በኦፕራሲዮን በሰው ሠራሽ ሊቀየር ነው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ መስከት ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ካለ ይምጣ። (የማንበብና የመጻፍ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ይኼንንም ራሴ ጻፍኩት፤ ስህተት ካያችሁ የስልኩ ነው።)

ነርሷ «ያጨሳሉ?» ስትል ጋሼ ሳልተረጉም በዐረብኛ «ማፊ፣ ማፊ»፣ የለም የለም፣ አሉ። ፓኮው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል። እውነቱን ከተናገሩ ኦፕራሲዮኑ የሚቀርባቸው መስሏቸዋል።

ትልቅ ሰው እንዴት አጋልጣለሁ? «እኔ ግን አጨሳለሁ፤ ለማቆም ምን ላድርግ?» አልኳት በዐረብኛ።

ጋሼ ዞረው አዩኝ። «ዝም በል አንተ፤ አንተን ሽታው ራሱ ያስልሃል። አጫሹ እኔ ነኝ በላት።»

ነገርኳት። ነርሷ አልተቆጣችም። «ቁስሉ በደንብ እንዲድን አስቀድመው ያቁሙ። እኛም እናግዝዎታለን፤ ጉልበትዎም ይሠራል» አለች። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።

መኪና ውስጥ ፓኮውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ፣ ልጄ።»

እናንተስ ትልቅ ሰው ሐኪም ቤት ስትወስዱ እውነቱን እንዴት ታወጣላችሁ? ጻፉልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።